አንቲረስት ምንድን ነው? የሚሠራውና የማይሠራው

ደሴ ላይ አሮጌ መኪና ይዞ ጋራዥ የገባ ሰው ይህን ቃል ሳይሰማ አይወጣም። "አብሽር ጋሼ፣ ጠርገን አንቲረስት እንለቅበታለን" ይባላል። ባለመኪናውም ልቡ ያርፋል። አንቲረስቱ የቱ ጋ እንደሚደርስና የቱ ጋ እንደማይደርስ ግን ብዙ ጊዜ አይነገረውም። መኪናው የሚበላው ደግሞ እዚያው ያልተነገረው ቦታ ላይ ነው።

አንቲረስት በባዶ ብረት ላይ መጀመሪያ የሚቀባ መከላከያ ቀለም ነው። ብረት እንዲዝግ ውሃና አየር አንድ ላይ ያስፈልጉታል። ቀለሙ እነዚህን ሁለቱን ከብረቱ ያርቃል። ጥሩው ዓይነት ሌላም ሥራ አለው። እንደ ዚንክ ፎስፌት ያለ ንጥረ ነገር ስለሚገባበት ትንሽ እርጥበት ሾልኮ ቢገባ እንኳ ዝገቱ ቶሎ አይነሳም። የዚንክ ዱቄት በብዛት ያለበትም አለ። እሱ ላይ ዚንኩ ከብረቱ ቀድሞ ይበላል፣ ብረቱ ይተርፋል። የቤት ጣሪያ ቆርቆሮ ስንት ክረምት የሚችለው በዚሁ ነው፤ ላዩ ዚንክ ለብሷል።

አንቲረስቱ ቀይ መሆኑ ብቻውን ምንም ማረጋገጫ አይደለም። ቀዩን መልክ የሚሰጠው የብረት ኦክሳይድ ነው፤ እሱ ቀለም እንጂ መከላከያ አይደለም። ስለዚህ ጣሳው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ነው።

አንቲረስት ዝገትን አያድንም። ዝገት ላይ ከቀባችሁት ዝገቱን ሸፈናችሁት ማለት ነው። ዝገት ውስጡ ቀዳዳ የበዛበት ስለሆነ እርጥበት ይይዛል። ከበላው ብረት የበለጠ ቦታም ይፈልጋል። እያበጠ ሲሄድ ቀለሙን ከሥሩ ይገፋዋል። ፓራፋንጎ (የጎማው መከለያ) ጠርዝ ላይ የምታዩት ትንንሽ እብጠት ይኸው ነው። በጥፍር ጫን ስትሉት ይፈርሳል፣ ከሥሩ ቡናማ ዱቄት ይወጣል። እዚያ ደረጃ ከደረሰ ወይ እስከ ንጹህ ብረት ድረስ በሽቦ ብሩሽና በግራይንደር ይጠረጋል፣ ወይ ተቆርጦ አዲስ ላሜራ (ስስ የብረት ሉህ) ይገባል። ጎድጓዳውን በስቱኮ፣ በሚደርቀው መሙያ ሊጥ፣ መሙላት መኪናውን ለገዢ ያሳምራል፣ ለባለቤቱ ግን አይጠቅምም። ማግኔት ይዛችሁ የበሩንና የፓራፋንጎውን ታችኛ ክፍል ብትነኩ ታውቁታላችሁ። ስቱኮው የወፈረበት ቦታ ማግኔቱ አይዝም።

ሌላው የተለመደ ጉድለት አንቲረስት ቀብቶ መተው ነው። ብዙ ግቢ ውስጥ የብረት በሩ ቀዩን እንደለበሰ ዓመታት ያልፋሉ። አንቲረስት የመጀመሪያው ሽፋን ነው፤ ብቻውን ሲቀር ውሃ ቀስ እያለ ያልፈዋል። ከላዩ ዋናው ቀለም መደረብ አለበት። የመኪና ሆድ ሲሆን ደግሞ ጠጠር የሚችል ወፍራም ሽፋን ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። አሮጌ መኪና በብዛት የሚሞተው ብሩሽ ከማይገባበት ቦታ ጀምሮ ነው።

ቮልስን ተመልከቱ። ሻንሲው፣ መኪናውን የሚሸከመው አጽም፣ እንደ ጭነት መኪና ሁለት ረጃጅም ብረት አይደለም። ወለሉ ራሱ ነው፣ መሃሉን ከሚያቋርጠው ትልቅ ቱቦ ጋር። ከበሮቹ ሥር በግራና በቀኝ ባዶ ሳጥኖች አሉ። ከሞተር የሚመጣውን ሙቅ አየር ወደ ውስጥ የሚያስገቡት እነሱ ናቸው፤ የቦዲውንም ጥንካሬ ይይዛሉ። ከውጭ ሲታዩ ደህና ናቸው። ውስጣቸው ግን ከዓመት ዓመት ይላጣል። ባትሪው ደግሞ ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ይቀመጣል። አሲድ ካፈሰሰ ወለሉን ይቦረቡረዋል። ቮልስ ልትገዙ ከሆነ መጀመሪያ ያን ወንበር አንሱና እዩ። የቀለሙን ማማር በኋላ ታደንቁታላችሁ።

"ላንድሮቨር አይዝግም" የሚሉም አሉ። ግማሹ እውነት ነው። የድሮው ላንድሮቨር በ1948 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲወጣ ከጦርነቱ በኋላ የብረት እጥረት ስለነበር ቦዲው በአብዛኛው ከአሉሚኒየም ተሠራ። ሻንሲው ግን ብረት ነው። ላሜራዎች ተበይደው እንደ ሳጥን የተዘጉ ናቸው። ጎማው የሚረጨው ጭቃ ቀዳዳ እየፈለገ ይገባል፣ እንደ እርጥብ ጨርቅ ብረቱ ላይ ተለጥፎ ይከርማል። መጀመሪያ የሚሄደው አብዛኛውን ጊዜ የኋላው ተሻጋሪ ብረት ነው። አሉሚኒየሙና ብረቱ የሚገናኙበት ቦታም እርጥበት ካገኘ አሉሚኒየሙ ነጭ ዱቄት ይሆናል። ሻንሲውን በትንሽ መዶሻ እየነካችሁ አድምጡ። ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የተበላው ድምፁ ይታፈናል።

በሮች ላይ ደግሞ ጥቂት ሰው ብቻ የሚያውቀው ነገር አለ። ዝናብ በመስታወቱ ጎን አልፎ በሩ ውስጥ ይገባል። ሲሠራ ጀምሮ እንዲያ ነው፤ ታች ባሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች ፈስሶ እንዲወጣ ታስቧል። አቧራና ጭቃ፣ አንዳንዴም ራሱ አዲስ የተረጨው ቀለም ቀዳዳዎቹን ይደፍናቸዋል። ከዚያ በሩ ውሃ ይቋጥራል። ቀጭን ሽቦ ወስዳችሁ መክፈት ደቂቃ አይፈጅም፣ ወጪም የለውም። ስለ ዝገት አንድ ነገር ብቻ ንገረን ብትሉኝ የምነግራችሁ ይህን ነው።

የደሴ አየር ለዚህ ሁሉ ይመቻል። ከተማዋ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ክረምቱ ጭጋግ ነው፣ በልግም ያዘንባል። ጠዋት ጣሪያው ላይ የምታዩት ጤዛ በባዶ ሳጥኖቹም ውስጥ ያልባል። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትገቡ ሙቀቱ ቶሎ ያደርቃል፤ የደረቀ ጭቃ ግን ተደብቆ ይቀመጥና በሚቀጥለው ዝናብ እንደገና ይርሳል። እኛ አገር በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው አይበተንም፣ ይህ ትልቅ ዕድል ነው። አውሮፓ አገልግሎ የመጣ መኪና ግን የዚያን አገር የመንገድ ጨው በውስጡ ይዞ መጥቶ ሊሆን ይችላል። ከአፋር ጨው ሲያመላልስ የኖረ ፒክአፕ ከሆነም ጭነት ማስቀመጫውን ሥሩን ሳታዩ አትግዙ።

ታዲያ ብሩሽ ለማይደርስበት ምን ይደረግ? የሚረጭ ሰም ወይም ዘይት ነው መፍትሔው። ረጅም ቀጭን ቱቦ በነበሩት ቀዳዳዎች አስገብቶ ውስጡን ማልበስ ነው። ለዚህ ከሚሠሩት ነገሮች አንዱ ላኖሊን ነው፤ ከበግ ፀጉር የሚገኝ ቅባት። በግ በሞላበት ወሎ ይህን ማወቅ ደስ ይላል። ሰሙ ካልተገኘ ንጹህ አዲስ የሞተር ዘይትም መገጣጠሚያዎቹ ውስጥ ሰርጎ ይገባል፣ ግን በየዓመቱ መታደስ ይፈልጋል።

የተቃጠለ ዘይት ከናፍጣ ጋር ቀላቅሎ ሆዱን መርጨት የቆየ ልማድ ነው። እኔ አልመክርም። የተቃጠለ ዘይት አሲድና ብናኝ ብረት አለበት፣ ለረጪው ቆዳና ሳንባ ጎጂ ነው፣ ሲንጠባጠብ መሬቱንና ውሃውን ይበክላል። አዲሱም ቢሆን በሻንሲው መገጣጠሚያዎች ላይ ያሉትን ጎማዎች ያሳብጣል፤ ፍሬን ላይ ካረፈ ደግሞ ነገሩ የዝገት መሆኑ ቀርቶ የሕይወት ይሆናል። ስለዚህ ፍሬኑም ጎማውም ተሸፍኖ ይረጭ።

ብየዳን በሚመለከት ባትሪው መፈታቱን ብቻ ሳይሆን የላሜራው ጀርባ መቀባቱንም ጠይቁ። ላሜራ ሲበየድ በጀርባ ያለው ቀለም ይቃጠላል። ከፊት አንቲረስት ይቀባል፣ ከኋላ ባዶ ብረት ይቀራል። አዲሱ ላሜራ ከአሮጌው ቀድሞ የሚበሰብሰው በዚህ ነው።

ሥራውን ለበጋ አቆዩት። ከመስከረም በኋላ ዝናቡ ሲያቆም መኪናው በደንብ ይታጠብ፣ ፀሐይ ላይ ቀናት ይቁም። ብረቱ በእጅ ሲነካ ላብ ካለው አይቀባም። የተጠረገ ብረት ሳያድር አንቲረስት ይልበስ፣ ከላዩ ዋናው ቀለም ይደረብ። ሰሙ ወይም ዘይቱ በእሳት ስለሚያያዝ የሚገባው ብየዳው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። የታችኞቹን ቀዳዳዎች ሰሙ ራሱ እንዳይደፍናቸው በማግስቱ አንዴ በሽቦ ፈትሿቸው።