የፌማ የአደጋ ስጋት ቅነሳ ድጎማ ምንድን ነው?

አሜሪካ ውስጥ ቤታቸውን ጎርፍ የመታባቸው ወገኖች «የፌማ ገንዘብ» (ፌማ የአገሪቱ የፌዴራል የአደጋ አስተዳደር መሥሪያ ቤት ነው) የሚሉት አንድ ብቻ አይደለም። አንዱ ቤተሰቡ በራሱ ስም የሚያመለክትበት ነው፤ ለጊዜያዊ መጠለያ፣ ለአስቸኳይ ጥገና፣ ለተበላሸ ዕቃ የሚሰጥ ሲሆን በተለምዶ የአደጋ አዋጁ ከወጣ በ60 ቀን ውስጥ ይጠየቃል። ሌላው በምህጻሩ ኤችኤምጂፒ የሚባለው የአደጋ ስጋት ቅነሳ ድጎማ ነው። ይህኛው ቤቱን ወደነበረበት ለመመለስ አይደለም። ያው ቤት በሚቀጥለው ጎርፍ እንዳይዋጥ ከመሬት ከፍ ለማድረግ፣ ወይም ሰዉን ጭራሽ ከዚያ ቦታ ለማንሳት ነው።

መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው የፌዴራል የአደጋ እርዳታ ሕግ፣ የስታፎርድ ሕግ፣ አንቀጽ 404 ነው። የሚፈቀደው የግዛቱ ገዥ ጠይቆ ፕሬዚዳንቱ ሲስማማ ስለሆነ፣ አዋጅ ሁሉ ድጎማውን ይዞ አይመጣም፤ አዋጁ ላይ መጠቀሱን ማየት ያስፈልጋል። ፌማ ከአንድ ሥራ ወጪ የሚሸፍነው እስከ 75 በመቶ ነው። 100,000 ዶላር በሚፈጅ ሥራ 25,000 ዶላሩ ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት፤ አንዳንድ ቦታ ግዛቱ ወይም ከተማው ይችለዋል፣ አንዳንድ ቦታ ባለቤቱ ላይ ይወድቃል። ይህን ከመፈረም በፊት ጠይቆ ማወቅ ግድ ነው።

የቤት ባለቤት በቀጥታ ለፌማ ማመልከት አይችልም። ከተማው ወይም ካውንቲው ለግዛቱ ያቀርባል፣ ግዛቱ ለፌማ። ከተማው በየ5 ዓመቱ የሚታደስና የጸደቀ የስጋት ቅነሳ ዕቅድ ከሌለው በሩ ዝግ ነው። ሥራው ወደፊት የሚያድነው ጉዳት ቢያንስ ወጪውን የሚያህል መሆኑም በስሌት መታየት አለበት። ይህ ሁሉ ወራት፣ ብዙ ጊዜም ዓመታት ይፈጃል፤ ሰውን የሚጎዳውም መጠበቁ ነው። ትዕግሥቱ አልቆ ቤቱን በራሱ ገንዘብ ከመሬት ከፍ ማስደረግ የጀመረ ሰው ድጎማውን ያጣል፤ እንዲህ ያለ ሥራ ከፈቃዱ በፊት ከተጀመረ አይከፈልም።

መንግሥት ቤቱን የሚገዛበት አሠራር፣ በተለምዶ ባይአውት የሚባለው፣ በፈቃደኝነት ብቻ የሚሆን ነው። ቤቱ ይፈርሳል፣ መሬቱም ለዘለዓለም ክፍት ሜዳ ሆኖ ይቀራል። ዋጋው ከጎርፉ በፊት በነበረው የገበያ ግምት ሊታሰብ ይችላል። ለጥገና ተብሎ ከኢንሹራንስ ወይም ከፌማ የተቀበሉት ግን ከዋጋው ላይ ይቀነሳል። ገንዘቡ በእርግጥ ለጥገና እንደዋለ በደረሰኝ ካሳዩ አይቀነስም፤ ስለዚህ የሲሚንቶም የቀለምም ደረሰኝ ይቀመጥ።

ለእኛ ማኅበረሰብ በተለይ የሚነካ ነጥብ አለ። ከጎርፉ በፊት በነበረው ግምት ለመሸጥ ባለቤቱ አደጋው ሲደርስ የቤቱ ባለቤት የነበረ፣ እንዲሁም የአሜሪካ ዜጋ ወይም ሕጉ «ብቁ» የሚለው ስደተኛ መሆን አለበት። ግሪን ካርድ ያለው ወይም ጥገኝነት ያገኘ ሰው ብቁ ነው። ቲፒኤስ የሚባለው ጊዜያዊ ከለላ ብቻውን ግን በቂ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ሰው የሚቀርብለት ዋጋ ቤቱ ከጉዳቱ በኋላ ባለበት ሁኔታ የሚያወጣው ነው። ልዩነቱ የቤተሰብን ዕድሜ ልክ ቁጠባ ሊያህል ይችላል። ቤቱ ተሸጦ የሚለቅ ተከራይ ደግሞ የመዛወሪያ እርዳታ የማግኘት መብት ስላለው፣ የኪራይ ውሉን አይጣል።

ከጎርፉ በኋላ ወደ ከተማው የአደጋ አስተዳደር ቢሮ ደውሎ የሚጠየቀው ይህ ነው፦ ዕቅዳችሁ ጸድቋል? ለዚህ አደጋ ታመለክታላችሁ? ፍላጎት ያላቸው የቤት ባለቤቶች የሚመዘገቡበት ዝርዝራችሁ የሚዘጋው መቼ ነው? 25 በመቶውን ማን ይከፍላል? ስም ማስመዝገብ ብቻ ማንንም ለመሸጥ አያስገድድም።