ማር «አይበላሽም» የሚባለው እስከ የት ድረስ ነው?

ባሕር ዳር ገበያ ማር ሻጯን «ይበላሻል ወይ?» ብትሏት «ማር ደግሞ ይበላሻል እንዴ!» ብላ ትስቅባችኋለች። እውነቷን ነው፤ ግን ቅድመ ሁኔታ አለው።

ማርን የሚጠብቀው የውሃው ማነስ ነው። ስኳሩ ከመብዛቱ የተነሳ ሻጋታም ሆነ እርሾ የሚበቃው ውሃ አያገኝም። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ኮዴክስ ለአብዛኛው ማር የሚፈቅደው እርጥበት እስከ 20 በመቶ ነው። ከ17 በመቶ በታች የሆነ ማር አይቦካም ማለት ይቻላል። ከ20 ሲያልፍ ግን ስኳር የማይበግራቸው እርሾዎች ይነሱበታል፦ አረፋ፣ የሚኮመጥጥ ሽታ፣ ክዳኑ ሲከፈት «ጵስ»። ጠጅ ጣይዋ ማሩን በውሃ የምትበጠብጠው ይህንኑ ፈልጋ ነው! ሻጋታ የሚወጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ ውሃ በነካው ላዩ ላይ ነው።

እርጥበቱ ከየት ይመጣል? አንዱ ምክንያት ንቦቹ በሰም ሳይደፍኑት ተቸኩሎ የተቆረጠ ማር ነው። ሌላው አየሩ። ማር ከአየር እርጥበት ይስባል። ጣና ዳር በክረምት ክዳኑን ከፍቶ መተው አይሆንም። እርጥብ ማንኪያም ያው ነው።

የረጋ ማር ግን አልተበላሸም። በውስጡ ያለው ግሉኮስ የሚባለው ስኳር ስለጠጠረ ነው። መርጋቱ ብቻውን «ስኳር ተቀላቅሎበታል» አያሰኝም። አንድ ነገር ግን አለ፦ ሲረጋ ያልረጋው ክፍል ይቀጥናል፤ ማሩ መጀመሪያውኑ እርጥብ ከነበረ መቡካቱ እዚያ ይጀምራል። ማቅለጥ ካማራችሁ ዕቃውን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አስቀምጡት፣ እሳት ላይ አትጣዱት።