ፍሬስኮ ምንድን ነው? ግድግዳ ላይ ያለ ሥዕል ሁሉ ፍሬስኮ አይደለም

ሰሞኑን ኮት ዳዙር ስለሚባለው የደቡብ ፈረንሳይ ባህር ዳርቻ የቅንጦት ጉዞ የተጻፈ ጽሑፍ አነበብኩ። ጀልባው፣ ሆቴሉ፣ ወይኑ፣ ሁሉም በየተራው ተወድሷል። ከዚያ «የባህር ዳርቻው ሦስት ታላላቅ ፍሬስኮዎች» የሚል ክፍል መጣ። ቫሎሪስ ያለው የፒካሶ «ጦርነትና ሰላም»፣ ቫንስ ያለው የማቲስ ጸሎት ቤት፣ ሴን ዣን ካፕ ፌራ ላይ ፈረንሳዊው ገጣሚና ሠዓሊ ዣን ኮክቶ የሣለበት ቪላ ሳንቶ ሶስፒር።

ለወግ እንኳ አንድ ፍሬስኮ የለበትም።

አንዴ ሁለቴ ቢሆን በዝምታ ባለፍኩት። ግን አስጎብኚው፣ የሆቴሉ ማስታወቂያ፣ ቪዲዮ ሠሪው፣ ሁሉም ግድግዳ ላይ ቀለም ባየ ቁጥር «ፍሬስኮ» ይላል። ሙያዬ የግድግዳ ሥዕል ጥገና ነው፤ ትዕግሥቴ አለቀ።

ፍሬስኮ የአሠራር ስም ነው። ግድግዳው በኖራና በአሸዋ ይለሰናል። ልስኑ ገና እርጥብ እያለ በውሃ ብቻ የተበጠበጠ የቀለም ዱቄት ይቀባበታል። ሙጫ የለም፣ እንቁላል የለም፣ ዘይት የለም። ታዲያ ቀለሙን ምን ያዘው? ኖራው። ኖራው ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይስብና ወደ ካልሲየም ካርቦኔት ይለወጣል። ተመልሶ ድንጋይ ሆነ ማለት ነው። የቀለሙ ቅንጣት ድንጋዩ ውስጥ ታስሮ ይቀራል።

የአያቶቻችንን ፊት አስቡ። አንገታቸው ላይ ንቅሳት፣ ዓይናቸው ላይ ኩል። ከሩቅ ሲታዩ ሁለቱም ጥቁር ናቸው፣ ሁለቱም ያምራሉ። ኩሉ ግን ቆዳው ላይ ነው፤ ንቅሳቱ ቆዳው ውስጥ። ኩል በእንባ ይወርዳል፤ ንቅሳት አብሮ ይቀበራል። ፍሬስኮ ንቅሳት ነው። በደረቅ ግድግዳ ላይ በእንቁላል፣ በሙጫ ወይም በዘይት የተሣለው ሁሉ ኩል ነው፤ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ማንም ቢሥለው።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። ነቃሽ እጇ ከሳተ መመለሻ የላትም። የፍሬስኮ ሠዓሊም ከሳተ ልስኑን ፈቅፍቆ አውርዶ እንደገና መለሰን ነው ያለው። ቆዳ ሲታመም ንቅሳቱም አብሮ ይታመማል። ፍሬስኮም ከግድግዳው በሽታ አያመልጥም፤ ወደዚህ እመለሳለሁ።

የሚገርመው፣ ኮክቶ ራሱ ሳንቶ ሶስፒርን «ነቀስኩት» ይል ነበር። ይቅርታ ይደረግልኝና ኳለው እንጂ አልነቀሰውም። በ1950 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለጥቂት ቀናት ሊያርፍ በእንግድነት መጥቶ፣ ከምድጃው በላይ ያለው ነጭ ግድግዳ አላስቀምጥ አለውና መሣል ጀመረ። ግድግዳው ደረቅ ነበር። ቀለሙ በጥሬ ወተት የተበጠበጠ ዱቄት ነው። ወተት ውስጥ ያለው ኬዚን ጥሩ ማጣበቂያ ነው፣ አልክድም። ግን ማጣበቂያ ማጣበቂያ ነው።

ፒካሶ «ጦርነትና ሰላም»ን የሣለው በ1952 በቫሎሪስ ስቱዲዮው ውስጥ ነው። የሣለውም በተጨመቀ የእንጨት ሰሌዳ ላይ ነው፤ እኛ ፋይዚት የምንለው ዓይነት። ሰሌዳዎቹ ጎብጠው የአሮጌውን ጸሎት ቤት ቅስት እንዲከተሉ ተደርገው የተገጠሙት በኋላ ነው። ግድግዳው የሠዓሊውን ብሩሽ አላየም። የማቲስ ደግሞ ይባስ። ቫንስ ላይ በ1951 የተመረቀው ጸሎት ቤት ውስጥ ያሉት ጥቁር መስመሮች ነጭ የሴራሚክ ንጣፍ ላይ ተሥለው በእሳት የተተኮሱ ናቸው። ሸክላ ነው! ድንቅ ሸክላ ነው፣ ግን ሸክላ ነው።

አንድ የኪነ ጥበብ ተንታኝ ይህንን ሳነሳ ሁሌም የሚመልስልኝ አንድ ዓይነት ነው። «ፈረንሳዮቹ ራሳቸው ትልቅ የግድግዳ ሥዕልን ሁሉ እንደዚያ ይሉታል። ምን ያንጨረጭርሃል?» ይላል። ልክ ነው፣ ይላሉ። መንገድ ዳር በስፕሬይ የተረጨውንም ይላሉ። እኔን የሚያንጨረጭረኝ ግን ከስሙ ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ፍሬስኮ ነው የተባለ ነገር ይችላል ይባላል። እርጥብ ጨርቅ ይችላል፣ ሻወር ቤት አጠገብ መሆን ይችላል፣ «ድንጋይ አይደል እንዴ?» ይባላል። ኩልን እንደ ንቅሳት ካጠቡት ምን እንደሚቀር ያው የታወቀ ነው።

ለሚጠራጠር ሰው የጣሊያኗን የወደብ ከተማ ጄኖቫን አሳየዋለሁ። ወደቡ አጠገብ የአድሚራል አንድሬያ ዶሪያ ቤተ መንግሥት አለ፤ ቪላ ዴል ፕሪንቺፔ ይባላል። ከ1527ቱ የሮም ዘረፋ በኋላ ዶሪያ ከታላቁ ሠዓሊ ከራፋኤል ሠልጣኞች አንዱ የነበረውን ፔሪኖ ዴል ቫጋን አስመጣና ቤቱን አሣለ። ሁለት ትልልቅ አዳራሾች አሉ። በአንደኛው ጣሪያ ላይ የሮማውያን አማልክት አለቃ ጁፒተር ግዙፎቹን በመብረቅ ሲጥል ይታያል፤ ፔሪኖ በፍሬስኮ ነው የሠራው። በሁለተኛው ላይ የባህር አምላኩ ኔፕቱን የባህሩን ማዕበል ሲያበርድ ሥሎ ነበር፤ ይኼኛውን ግን በዘይት ቀለም ሞከረው። ሠዓሊው አንድ፣ ቤቱ አንድ፣ የባህር አየሩ አንድ፣ ዘመኑ አንድ። ግዙፎቹ እስከዛሬ አሉ። ኔፕቱን የለም፤ ተልጦ አልቋል። ልዩነቱ ልስኑ እርጥብ መሆኑና አለመሆኑ ብቻ ነው። ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ላምጣ?

(የሊዮናርዶን «የመጨረሻው እራት» እንዳታነሱብኝ። እሱም ፍሬስኮ አይደለም፤ ደረቅ ግድግዳ ላይ የተሣለ ነው፤ ሠዓሊው በሕይወት እያለ መላጥ ጀምሯል። ለማንኛውም ሚላን ባህር የላትም።)

ስሕተቱ አገራችንም ገብቷል። የጉብኝት ብሮሹሮች የጣና ገዳማትንና የጎንደርን ሥዕሎች ፍሬስኮ ይሏቸዋል። ብዙዎቹ ግን ጨርቅ ላይ ተሥለው ግድግዳው ላይ የተለጠፉ ናቸው። ሌሎቹ ደረቅ ልስን ላይ የተሣሉ ናቸው። ይህ ክብራቸውን አይቀንስም። ጠላታቸው ምን እንደሆነ ግን ይነግረናል፦ ከጣሪያ የሚያፈስ ውሃ፣ ሙጫውን የሚበላ ነፍሳት፣ ከግድግዳው የሚላቀቅ ጨርቅ። ፍሬስኮ ብሎ የተነሳ ሰው ግድግዳውን ሲያክም ጨርቁ ይበሰብሳል።

እዚህ ላይ «ጨርቅ ላይ ካለ ፍሬስኮ አይደለም» ብላችሁ ሕግ እንዳታወጡ። ሙያችን ክፉ ነው፣ ፍሬስኮንም ከግድግዳ እንገፍፋለን። ፊቱ ላይ ጨርቅ በሙጫ ይለጠፋል፤ ሙጫው ሲደርቅ ቀለም የያዘውን ስስ ሽፋን ይዞ ይነሳል፤ ከዚያ በሌላ ጨርቅ ላይ ይገለበጣል። በጣሊያኗ ፒዛ ከተማ ያለው ካምፖሳንቶ የተባለ የመቃብር ሕንፃ ጁላይ 27 ቀን 1944 በመድፍ ተመትቶ ሲቃጠል የጣሪያው እርሳስ ቀልጦ በሥዕሎቹ ላይ ወረደ። የተረፈው በዚህ መንገድ ተገፎ ነው የዳነው። ከሥሩ ሠዓሊዎቹ በቀይ አፈር የነደፉት ንድፍ ወጣ፤ ዛሬ የራሱ ሙዚየም አለው። ቡፋልማኮ የሣለው «የሞት ድል» ወደ ቦታው የተመለሰው በ2018 ነው። ስለዚህ ጥያቄው አሁን ምን ላይ ነው ያለው አይደለም። ሲሣል ምን ላይ ነበር የሚለው ነው።

ሌላም አለ። ንጹሕ ፍሬስኮ የሚባለው ራሱ ብዙ ጊዜ ንጹሕ አይደለም። ኖራ የማይስማማቸው ቀለሞች አሉ። አዙራይት የሚባለው ሰማያዊ ዋናው ነው። ስለዚህ ሠዓሊው ሌላውን ሁሉ በእርጥቡ ጨርሶ፣ ሰማያዊውን ልስኑ ከደረቀ በኋላ በማጣበቂያ ይቀባዋል። ንቅሳት ባላት ሴት ላይ ኩል እንደመጨመር ነው። የእመቤታችን ካባ ተልጦ የሌሎቹ ልብስ ደህና ሆኖ ብታዩ ምክንያቱ ይኸው ነው። አስጎብኚው «ጦር ነው ያበላሸው» ቢላችሁ አትቀበሉት።

የግድግዳው በሽታ ያልኩት ደግሞ ጨው ነው። ባህር ዳር ያለ ሕንፃ ጨው ይጠጣል። የገበታ ጨው አየሩ ላይ ያለው እርጥበት ከ75 በመቶ ገደማ ሲያልፍ ይሟሟል፤ ሲወርድ ተመልሶ ክሪስታል ይሆናል። ክሪስታሉ ከቀለሙ ሥር ሲያድግ ሽፋኑን ይገፋዋል፤ ድንጋይ ቢሆንም ይሰነጥቀዋል። አሁን ቅንጡውን ሆቴል አስቡ። እንግዳው ቀን መስኮቱን ለባህሩ ንፋስ ይከፍታል፣ ማታ ኤሲውን ይለቃል። እርጥበቱ ወጣ፣ ወረደ። ነገም እንደዚሁ። «ከፍሬስኮ ሥር እደሩ» የሚል ማስታወቂያ ሳይ ከሥዕሉ ይልቅ የኤሲው ማብሪያ የት እንደሆነ ነው የምፈልገው።

እውነተኛውን ፍሬስኮ ማየት የሚፈልግ ሰው በጣሊያን አማልፊ ዳርቻ ላይ ፖሲታኖ ይሂድ። ሰው እዚያ የሚሄደው ለሎሚውና ለፎቶው ነው። ከሳንታ ማሪያ አሱንታ ቤተ ክርስቲያን ሥር ግን የሮማውያን የባህር ዳር ቪላ አለ። የዚያ ዘመን ባለጸጎችም ለዕረፍት ወደዚሁ ዳርቻ ይመጡ ነበር። እሳተ ገሞራው ቬሱቪየስ በ79 ዓመተ ምሕረት ቀበረው፤ በ2018 ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ።

ፍሬስኮ ፊት ስትቆሙ ከመሃል አትቁሙ። ወደ ጎን ሂዱና ብርሃኑ ግድግዳውን አግድሞ ሲነካው እዩ። ስስ የመጋጠሚያ መስመሮች ሊታዩ ይችላሉ። ለሳኙ ሠዓሊው ሳይደርቅበት የሚጨርሰውን ያህል ብቻ ነበር የሚለስነው፤ በማግስቱ ከጎኑ ይቀጥላል። መስመሩ ትናንትና ዛሬ የተገናኙበት ነው። ሰሌዳ ላይ፣ ሸክላ ላይ፣ ጨርቅ ላይ የተሣለ ነገር ይህ ዓይነቱ መስመር የለውም።

በዚያው እሳተ ገሞራ እስከተቀበሩት ከተሞች፣ ፖምፔይና ሄርኩላኔም ድረስ ከዘለቃችሁ ደግሞ ለቀዩ ግድግዳ ተጠንቀቁ። ቢጫ አፈር በኃይለኛ ሙቀት ወደ ቀይ ይለወጣል። «የፖምፔይ ቀይ» እየተባለ ቀለም ከሚሸጥበት ግድግዳ ከፊሉን፣ ባለቤቱ ቢጫ አድርጎ ነበር ያስቀባው።