እርሾ ከባድ ብረቶችን የሚቋቋምበት መንገድ

ዳቦን የሚያስነሳውና ቢራንም ሆነ ጠጅን የሚያፈላው፣ ሳካሮማይሲስ ሰርቪሲዬ በሚል ሳይንሳዊ ስም የሚታወቀው እርሾ፣ ባለ አንድ ህዋስ ፈንገስ ነው። መርዝ ካለበት ቦታ ሸሽቶ መሄድ ስለማይችል፣ መዳብ ወይም ካድሚየም በበዛበት ፈሳሽ ውስጥ ሲገኝ እዚያው ሆኖ መቋቋም ይኖርበታል። 6,000 ገደማ የሚሆኑት ጂኖቹ በ1996 እ.ኤ.አ. ተነበው በመጠናቀቃቸውና አንዱን ጂን ነጥሎ ማጥፋት ቀላል በመሆኑ፣ ተመራማሪዎች ህዋስ ራሱን ከብረት እንዴት እንደሚከላከል ለመረዳት ደጋግመው የሚመለሱት ወደዚህ ፍጥረት ነው።

ብረቶች ሁሉ ግን በአንድ ዓይን አይታዩም። መዳብና ዚንክ ለብዙ ኢንዛይሞች ሥራ የግድ ያስፈልጋሉ፤ የሚጎዱት ሲበዙ ነው። ካድሚየም ግን ለእርሾ አንዳች ጥቅም ሳይኖረው ለዚንክ በተሠራው በር ሾልኮ ይገባል፤ ከገባም በኋላ በፕሮቲኖች ላይ ያለውን የድኝ አቶም አጥብቆ ይይዛል፣ የዚንክንም ቦታ ይነጥቃል፣ ፕሮቲኑም ሥራውን ይስታል። የጉዳቱ ምንጭ የሆነው ይህ የድኝና የካድሚየም መፈላለግ የመከላከያውም መሠረት ነው፤ ህዋሱ ብረቱን የሚያጠምደው በዚያው በድኝ ነውና።

ወጥመዱ ግሉታታዮን ይባላል። ግሉታሜት፣ ሲስቴይንና ግላይሲን ከተባሉ ሦስት አሚኖ አሲዶች የተሠራ ትንሽ ሞለኪውል ሲሆን ድኙ ያለው በሲስቴይኑ ላይ ነው። ሁለት ግሉታታዮኖች አንድ ካድሚየም መሃላቸው አስገብተው ይይዙታል፤ ከዚያም ዋይሲኤፍ1 የተባለው የሽፋን ፕሮቲን ለህዋሱ ኃይል የሚያቀብለውን የኤቲፒ ሞለኪውል ጉልበት እየተጠቀመ ጥምሩን ወደ ቫኪዩል፣ ማለትም ህዋሱ ብዙ ነገር ወደሚያከማችበት ከረጢት፣ ያስገባዋል። የዚህን ፕሮቲን ጂን ያጣ እርሾ፣ ጤነኛው ያለ ችግር በሚራባበት የካድሚየም መጠን ማደግ ያቅተዋል። ስሙን ከስዋሂሊው የቢራ መጠሪያ የወሰደው ስኪዞሳካሮማይሲስ ፖምቤ የተባለው ሌላው እርሾ ደግሞ ከግሉታታዮን ፋይቶኬላቲን የተባለ ሰንሰለት ቀጣጥሎ ብረቱን ያስርበታል፤ ዕፅዋትም የሚጠቀሙት ይህንኑ መንገድ ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ህዋሱ ለዚህ ሁሉ የሚሆነውን ድኝ የሚያገኝበት ዘዴ ነው። በደህና ጊዜ ሜት30 የተባለ ፕሮቲን፣ የድኝ ጂኖችን የሚቀሰቅሰውን ሜት4ን አፍኖ ይይዘዋል፤ ካድሚየም ሲገባ ይህ እገዳ ይላላና ህዋሱ ድኝ ወደ ማዋሃድና ግሉታታዮን ወደ ማምረት ይዞራል። ያም አልበቃ ብሎ ቁጠባ ይጀምራል። ስኳር ወደ አልኮል በሚለወጥበት ሂደት፣ ፒሩቬት የተባለውን መካከለኛ ውጤት የሚሰብረው ዋናው ኢንዛይም ድኝ ያዘሉ አሚኖ አሲዶች በርከት ብለው ይገኙበታል፤ በካድሚየም ጊዜ ህዋሱ የእሱን ምርት ቀንሶ፣ ያንኑ ሥራ የሚሠራ ነገር ግን ድኙ ጥቂት የሆነ ወንድሙን በምትኩ ያመርታል። መፍላቱም ሳይቋረጥ የተረፈው ድኝ ለግሉታታዮን ይውላል።

መዳብን በተመለከተ መንገዱ ይለያል። መዳብ ሲበዛ ኤስ1 የተባለው ፕሮቲን መዳቡን ራሱ ይዞ ቅርጹን ይለውጥና ካፕ1 የተባለውን ጂን ያነቃል፤ ከዚህ ጂን የሚወጣው ሜታሎታዮኒን 12 ሲስቴይኖች ያሉት አጭር ፕሮቲን ሲሆን በርካታ የመዳብ አዮኖችን ጠቅልሎ ይይዛል። መዳብ ቶሎ የሚጎዳቸው ዝርያዎች ይህ ጂን አንድ ብቻ ሲኖራቸው፣ በጠንካሮቹ ላይ ግን በስምንተኛው ክሮሞዞም ከ10 የሚበልጡ ቅጂዎች ተደርድረው ሊገኙ ይችላሉ። የፈረንሳይ ወይን ገበሬዎች ከ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቅጠል በሽታን ለመከላከል የመዳብ ሰልፌትና የኖራ ድብልቅ ሲረጩ ስለኖሩ፣ ብዙ የወይን ጠጅ እርሾዎች ይህን ጂን አብዝተው መገኘታቸው የዚያ ርጭት አሻራ ይመስላል። በቤተ ሙከራም መዳብ ሰልፌት በተጨመረበት ምግብ ላይ የተዘራ እርሾ፣ ወትሮ ነጣ ያለው ቀለሙ ወደ ቡናማ ይለወጣል፤ ቡናማው ነገር ህዋሱ ከራሱ ድኝና ከአካባቢው መዳብ ሠርቶ በግድግዳው ላይ ያስቀመጠው የመዳብ ሰልፋይድ ነው።