የዳኝነት ክፍያ፦ ቤት ሲያከራክር ግምቱ ከየት ይመጣል?

ልደታ ፍርድ ቤቶቹ አካባቢ ኮምፒውተር ይዘው የሚቀመጡት ራፖር ጻፊዎች የቤት ክስ ይዞ የመጣን ሰው ስምና አድራሻ ከመዘገቡ በኋላ "ግምቱን ስንት ላድርገው?" ይላሉ፣ ብዙው ሰው ግራ የሚገባው እዚህች ጋ ነው። አንዴ ጎረቤቴን ተከትዬ ሄጄ "የምን ግምት፣ ልሸጠው ነው እንዴ?" ብላ ሰውየውን አሳቀችው።

ግምቱ የሚፈለገው ለሁለት ነገር ነው፣ አንድም የዳኝነት ክፍያውን ለማስላት አንድም የትኛው ፍርድ ቤት እንደሚያየው ለመለየት። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 215 ክስ ሲቀርብ ክፍያው አብሮ እንዲከፈል ያዛል፣ ታሪፉ ደግሞ ለብዙ አስርት ዓመታት ከ1945ቱ ደንብ ቁጥር 177 ሲነበብ የኖረ ነው፣ ግምቱ ባደገ ቁጥር ክፍያውም ያድጋል። ሥልጣንን በተመለከተ አዋጅ 1234/2013 መስመሩን 10 ሚሊዮን ብር ላይ አስምሮታል፣ እስከዛ ፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ነው፣ ከዛ ካለፈ ከፍተኛው ፍርድ ቤት። ድሮ መስመሩ 500 ሺህ ነበር፣ ፒያሳ ላይ በ500 ሺህ ምን ቤት እንደሚገኝ እንግዲህ እናንተው አስቡት።

ሰው የሚስተው ነገር አለ፣ የሚገመተው ቤቱ ሳይሆን የጠየቃችሁት ዳኝነት (ፍርድ ቤቱ እንዲወስንላችሁ የፈለጋችሁት ነገር) ነው። ተከራይ አልወጣም ካለ ባለቤትነቱ አላከራከረም፣ ስለዚህ የ8 ወር ውዝፍ በወር 12 ሺህ ከሆነ 96 ሺህ ብር ተብሎ በግልጽ ይጻፋል፣ "ቤቱን ይልቀቅልኝ" የሚለው ደግሞ ከጎኑ ይገባል። ጎረቤቴም እንደዛው አስጻፈች። (የመኖሪያ ቤት ከሆነ ግን በአዋጅ 1320/2016 ውሉ ቢያንስ 2 ዓመት ስለሆነ መጀመሪያ እሱን እዩ፣ ክፍያ ከፍላችሁ ከተመለሳችሁ በኋላ ከምትናደዱ።)

ይዞታዬን ነጠቀኝ ወይም አወከኝ የሚል ሰው ደሞ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1149 ሁከት ይወገድልኝ ብሎ በ2 ዓመት ውስጥ ይከሳል፣ እዚህ የሚጠየቀው ገንዘብ ሳይሆን ይዞታ ስለሆነ "የቤቱን ሙሉ ዋጋ ገምቼ ልክፈል ወይ?" የሚለው ጥያቄ ሁሌ ይነሳል። በቁጥር 1206 የሚቀርበው የመፋለም ክስ ግን ሌላ ነው፣ ባለቤት ነኝ ብሎ ቤቱን ራሱን የሚጠይቅ ሰው ከቤቱ ግምት አያመልጥም።

ከባዱ ነገር ያ ግምት ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም ይላል፣ ስለዚህ በወረቀት የሚገመተው ግንቡ፣ ጣራው፣ አጥሩ ነው። ካዛንቺስ ወይ ደጃች ውቤ ሰፈር ግን የጭቃ ቤት በሚሊዮን ይጠራ የነበረው ለጭቃው ተብሎ አይደለም፣ ለቦታው ነው፣ ይሄን ደላላውም ገዢውም ዳኛውም ያውቃል። ከሳሽ ክፍያ ለመቆጠብ ዝቅ አድርጎ ሲጽፍ ተከሳሽ ዋናው ክርክር ሳይጀመር በሚያቀርበው የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ "ፍርድ ቤቱ ሥልጣን የለውም፣ ግምቱ አንሷል" ይላል፣ ከዛ ባለሙያ ይገምተው ከተባለ ቀጠሮው ይረዝማል። ቆጥቤያለሁ ያለው ብር በምልልስ ታክሲ ያልቃል።

የቀበሌ ቤት ለብቻው ነው። ትርፍ ቤቶችን ለመንግሥት ባደረገው አዋጅ 47/1967 የመጣ ነው፣ ነዋሪው ተከራይ እንጂ ባለቤት ስላልሆነ የቤቱን ዋጋ የኔ ብሎ መገመት አይችልም፣ ክርክሩንም በአዲስ አበባ ቻርተር (361/1995) የሚያዩት የከተማው ፍርድ ቤቶች ናቸው። በልማት ተነስቶ የካሳው መጠን አነሰኝ የሚል ደሞ በአዋጅ 1161/2011 መጀመሪያ አቤቱታ ሰሚ ከዛ ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ጋ ነው የሚሄደው፣ ቀጥታ ልደታ ሄዶ መዝገብ ማስከፈት አይሠራም።

ተከሳሽም በተራው የተከሳሽ ከሳሽነት ካቀረበ፣ ማለትም ከሳሹን መልሶ ከከሰሰ፣ ይከፍላል። አቅም የሌለው ከሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 467 ጀምሮ ባለው መሠረት ያለውን ንብረት ዘርዝሮ በደሃ ደንብ (ክፍያውን ሳልከፍል) ልክሰስ ብሎ ያመለክታል፣ ቤት የሚያከራክር ሰው "ደሃ ነኝ" ሲል ግን ሌላኛው ወገን ዝም እንደማይል አስቀድማችሁ እወቁ። ደረሰኙን ደሞ ኮፒ አድርጋችሁ ያዙት፣ ከረታችሁ ወጪና ኪሳራ ብላችሁ ዝርዝር ስታቀርቡ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው።