ፎስፌት ተለጠፈ ማለት ፕሮቲኑ ነቃ ማለት ነው?

ድሬ ላይ «አሜባ ይዞኛል» ብትሉ «ቀፊራ ገበያ ምን በላህ?» ነው የሚከተለው። የዛሬዋ ግን ሆድ አትቆርጥም። ዲክቲዮስቴሊየም ትባላለች፤ አፈር ውስጥ ባክቴሪያ እያደነች ትኖራለች።

ፎስፎሪሌሽን፣ ማለትም ፎስፌት ፕሮቲን ላይ መለጠፍ፣ ራሱ ቀላል ነው። ኪናዝ የሚባል ኤንዛይም ኤቲፒ ከሚባለው የሴሉ ጉልበት ተሸካሚ ሞለኪውል ፎስፌት ወስዶ ፕሮቲን ላይ ይለጥፋል፤ ፎስፋታዝ የሚባል ሌላ ኤንዛይም ይነቅላል። ጣጣው የሚመጣው ተማሪ «ፎስፌት ካለ በርቷል» ብሎ ሲሸመድድ ነው።

የዲክቲዮስቴሊየምን ማዮሲን 2 የሚባል ፕሮቲን እንይ። አሜባዋ ስትሄድ አክቲን ከሚባል ፕሮቲን የተሠሩ ክሮችን እየጎተተ የኋላ አካሏን የሚሰበስበው እሱ ነው። የተሠራው ከቀላልና ከከባድ የፕሮቲን ሰንሰለቶች ነው። ቀላል ሰንሰለቱ ላይ ፎስፌት ሲለጠፍ ሥራው ይፈጥናል። የከባድ ሰንሰለቱ ጅራት ላይ ባሉት 3 ትሪዮኒኖች (ፕሮቲን ከሚገነባባቸው አሚኖ አሲዶች አንዱ ነው) ሲለጠፍ ግን ማዮሲኖቹ ተያይዘው የሠሩት ክር ይፈርሳል፤ መጎተትም ይቆማል። ያው ፕሮቲን፣ ያው ፎስፌት፣ ውጤቱ ግን የተገላቢጦሽ! ተመራማሪዎች 3ቱን ፎስፌት በማይቀበል ሌላ አሚኖ አሲድ፣ በአላኒን፣ ሲተኳቸው ማዮሲኑ ከሴሉ ሽፋን ሥር ከመጠን በላይ ተከማቸ። ማፍረሱም ለካ ሥራ ነው።

አካንታሜባ የምትባል ሌላ አሜባ ላይም ነገሩ ያው ነው። የአክቲን ክር የሚቆራርጠው አክቶፎሪን የሚባል ፕሮቲን ፎስፌት ሲያርፍበት አክቲንን መያዝ ያቅተዋል። የዚያችው አሜባ ማዮሲን 1 ደግሞ ያለ ፎስፌት ንቅንቅ አይልም። ፈተና ላይ ከመጣ መጀመሪያ «የቱ ፕሮቲን? የቱ ቦታ ላይ?» በሉ።