ፕሮግረሲቭ ስሎቫኪያ ምንድን ነው?

ሴፕቴምበር 30 2023 ማታ (ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ስሎቫኪያ ውስጥ ድምፅ መስጫ ተዘግቶ ኤግዚት ፖሉ (ድምፅ ሰጥተው የወጡ ሰዎችን ጠይቆ የሚሠራ ግምት) ቲቪ ላይ ሲወጣ፣ በፊተኛው ምርጫ አንድ ወንበር እንኳን ያላገኘ ፓርቲ አንደኛ ነው ተባለ። ሰዉ ተኝቶ ሲነሳ ግን ያሸነፈው ሌላ ሰውዬ ነው፣ ያው የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ሮበርት ፊትሶ (እኛ ሚዲያ ላይ ፊኮ የሚሉት)። ያ ማታ አንደኛ ጠዋት ሁለተኛ የሆነው ፓርቲ ነው ፕሮግረሲቭ ስሎቫኪያ።

ፓርቲው በ2017 አካባቢ ዋና ከተማው ብራቲስላቫ ላይ ነው የተመሠረተው። ሊበራል ነው፣ አውሮፓ ኅብረትን የሙጥኝ ያለ ነው። ሊበራል ሲባል እኛ ጋ ብዙ ሰው ቶሎ የሚመጣለት ገበያና ፕራይቬታይዜሽን ነው፣ ኢህአዴግ ኒዮሊበራል እያለ ሲሳደብ አድገን መሰለኝ። እነሱ ጋ ግን የገበያ ሊበራሉ ሌላ ፓርቲ ነው፣ ኤስ ኤ ኤስ ይባላል። የፕሮግረሲቮቹ ሊበራልነት ይበልጥ የመብት፣ የፍርድ ቤት ነፃነት፣ የአካባቢ ጥበቃና ሙስና ጉዳይ ላይ ነው፣ የተመሳሳይ ፆታ ጥንዶች በሕግ ይመዝገቡ ይላሉ፣ ዩክሬን ትረዳ ይላሉ።

አውሮፓ ደጋፊ የሚለውስ? አገሩ ከ2004 ጀምሮ ኅብረቱ ውስጥ ነው፣ በ2009 ዩሮ ሲገባም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ማን እንደነበር ታውቃላችሁ? ራሱ ፊትሶ። ስለዚህ ጥያቄው እንግሊዞች እንዳደረጉት እንውጣ አንውጣ ሳይሆን ከገባን በኋላ ፊታችንን ወዴት እናዙር ነው። ፊትሶ በዲሴምበር 2024 ሞስኮ ሄዶ ከፑቲን ጋር ሲገናኝ አደባባይ የወጣው ሕዝብ ይጮኸው የነበረውም "ስሎቫኪያ አውሮፓ ናት" የሚል ነው።

አሁን እንዴት እንዳደገ እንይ፣ ምክንያቱም ዝም ብሎ በጥሩ ፖስተር አላደገም። በፌብሩዋሪ 2018 ያን ኩትሲያክ የሚባል የ27 ዓመት ጋዜጠኛ ከእጮኛው ጋር ቤታቸው ውስጥ ተገደሉ። ልጁ ሲመረምር የነበረው የታክስ ማጭበርበርና የጣሊያን ማፊያ ከመንግሥት ሰዎች ጋር ያለውን ትስስር ነበር። አገሩ ሙሉ ወጣ ማለት ይቻላል፣ ኮሚኒዝም ከወደቀበት ከ1989 ወዲህ ያልታየ ሰልፍ፣ በማርች ፊትሶ ሥልጣን ለቀቀ። ያን ጊዜ ገና የተመሠረተ፣ ከድሮ ቆሻሻ ጋር ያልተነካካ ፓርቲ ቁጭ ብሎ ነበር። በዚያው ላይ ዙዛና ቻፑቶቫ ነበረቻቸው። ጠበቃ ናት፣ ፔዚኖክ የምትባል ከተማዋ ውስጥ ሊሠራ የነበረን የቆሻሻ መጣያ ለዓመታት ተከራክራ ያስቆመች ሴት። የፓርቲው ምክትል ሊቀመንበር ሆና ተወዳድራ በ2019 በ58 ፐርሰንት ፕሬዚዳንት ሆነች፣ ለአገሩ የመጀመሪያዋ ሴት። በዚያው ዓመት ለአውሮፓ ፓርላማ ምርጫም ስፖሉ ከሚባል ፓርቲ ጋር ተጣምረው አንደኛ ወጡ።

ከዛ 2020 መጣ። ይሄን ሳስበው እኔ ራሴ ያመኛል። ስሎቫኪያ ውስጥ አንድ ፓርቲ ፓርላማ ለመግባት 5 ፐርሰንት ይበቃዋል፣ ተጣምረህ ከመጣህ ግን 7 ነው የምትጠየቀው። እነሱ ከስፖሉ ጋር እንደተጣመሩ ገቡበት፣ ያገኙት 6.96። የጎደላቸው 926 ድምፅ ነው! አንድ ሰፈር ማለት ነው። ለብቻው እንደ አንድ ፓርቲ ቢመዘገብ ኖሮ ያ ድምፅ ከበቂ በላይ ነበር፣ በጥምረት ስለሆነ ግን ሁሉም ውጪ ቀረ፣ ፕሬዚዳንቷን ያወጣ ፓርቲ ማለት ነው እንግዲህ።

በ2022 ሚሃል ሺሜችካ መሪ ሆነ፣ የአውሮፓ ፓርላማ አባል የነበረ ልጅ ነው፣ አያቱ በኮሚኒስት ጊዜ የታሰረ ተቃዋሚ ነበር። በ2023 ለብቻቸው ገብተው ወደ 18 ፐርሰንትና 32 ወንበር አገኙ፣ በ2024 ደግሞ የአውሮፓ ፓርላማ ምርጫን 28 ፐርሰንት አካባቢ አግኝተው አሸነፉ።

እና ለምን አገሩን አይመሩም? አንደኛው ነገር ስም ነው። ተቃዋሚዎቻቸው "የብራቲስላቫ ካፌ" ይሏቸዋል፣ ቡና ይዞ ስለገጠሩ የሚተነትን የከተማ ልጅ ለማለት፣ ሌላም ስድብ አለ፣ ከፀሐይ የወጣ ቃል ነው፣ ሁሉም ነገር ብሩህ የሚመስለው የዋህ እንደማለት። ስድቡ ክፉ ነው ግን ካርታውን ስታዩት ሙሉ በሙሉ ውሸትም አይደለም፣ በ2023 ብራቲስላቫ ላይ በደንብ አሸነፉ፣ ከውጭ አገር በፖስታ ከመጣው ድምፅም ከ60 ፐርሰንት በላይ የእነሱ ነበር፣ ትንንሽ ከተማና ገጠር ስትሄድ ግን ፊትሶ ነው። ኤግዚት ፖሉ ላይ አንደኛ የነበሩትም ሰዎች ጠዋት ሁለተኛ የሆኑት የአገሩ ድምፅ ሁሉ ሲቆጠር ነው።

ሁለተኛው ሂሳብ ነው። ፓርላማው 150 ወንበር ነው፣ መንግሥት ለመመሥረት 76 ያስፈልጋል። ፊትሶ ከሁለት ፓርቲ ጋር ሆኖ 79 አገኘ። የእነሱን 32፣ የኤስ ኤ ኤስን 11፣ የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር የማቶቪችን 16፣ የክርስቲያን ዴሞክራቶቹን 12 ብትደምር 71 ነው። አምስት ጎደለ። ቢሞላስ፣ አብረው ይቆማሉ ወይ? በሴፕቴምበር 2025 ፊትሶ ሕገ መንግሥቱ ሁለት ፆታ ብቻ እንዲያውቅ የሚያደርግ ማሻሻያ ሲያቀርብ 90 ድምፅ ያስፈልገው ነበር፣ 90 አገኘ፣ ልክ 90። ያሟሉለት ከተቃዋሚው ወገን የመጡ ናቸው፣ የክርስቲያን ዴሞክራቶቹ አባላት ጭምር። ሺሜችካ በ2027 ምርጫ ጠቅላይ ሚኒስትር መሆን ከፈለገ ደግሞ በር የሚያንኳኳው እነዚሁ ሰዎች ጋ ነው።